ከትከሻ ወደ እግር፦ የላቲን ዳንስ ለይፋት ጀማሪዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማበር ሲደርስ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ዋሻውን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲጨርስ ያው ሰው «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ይላል። ሸዋ ሮቢት ደርሷል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች የይፋት ቆላ ከተማ ሽንኩርትና ማሾ የሚጫንባት፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ምሳውን የሚበላባት ናት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል።

ያ የማታ ሰዓት ዳንስ ለመልመድ ይመቻል። ሜሬንጌና ባቻታ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ቻቻቻና የሳልሳ ሥር የሆነው «ሶን» ደግሞ የኩባ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እንደ ይፋት ላብ በሚያስጠርግ አገር ተወልደው ያደጉ። ሰፊ አዳራሽ አይጠይቁም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሜትር ወለልና አንድ ስልክ ይበቃቸዋል።

ላቲን ሙዚቃ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዳ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት አልበሞች ኒው ዮርክ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በኢትዮ ጃዝ ውስጥ የሚሰማው የኮንጋ ከበሮ ከዚያው ትውውቅ የመጣ ነው። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰለፉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት በጦርነቱ የሞቱትን ያስታውሳል። ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች «የወጣቶች ደሴት» በሚባለው የኩባ ደሴት ተምረው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ተመልሰዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ የሳልሳ ምሽት የሚያዘጋጁ ሆቴሎችና የዳንስ ማሠልጠኛዎች አሉ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም ሰንበቴ ያለ ወጣት ግን ለአንድ ሰዓት ትምህርት ያን ሁሉ መንገድ አይመላለስም። ይህ መመሪያ የተሰናዳው ለእሱና ለእሷ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። እስክስታ እያየና እየመታ ያደገ ሰው ምት አይጠፋበትም፤ የሚቸግረው ምቱን የት እንደሚያኖረው ነው። በእስክስታ እግር ቦታውን ይዞ ዋናውን ሥራ ትከሻ ይሠራዋል። በላቲን ዳንስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትከሻ ጸጥ ይላል፣ ሥራው ወደ እግር ይወርዳል፣ ወገብም የሚነቃነቀው እግር ሲያዘው ነው። ሁለተኛው ልዩነት ቆጠራው ነው፤ የአገራችን የችክችካ ምት ሦስት ሦስት እየሆነ ይቧደናል፣ የላቲኖቹ ምት ግን አራት አራት ነው። ሦስተኛው መያያዝ ነው፤ በእስክስታ ጥንዶች ፊት ለፊት ቆመው ሳይነካኩ ይፎካከራሉ፣ በላቲን ዳንስ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች በየተራ የሚያስለምዱ ናቸው።

አንደኛ፦ ወለል፣ ጫማና ሰዓት

ወለሉ የተለሰነ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ቢሆን ይመረጣል። የአፈር ግቢ ከሆነ ጠጠሩን ለቅመው፣ ውኃ አርከፍክፈው ይጥረጉት። የላስቲክ ምንጣፍ ካለ ያንሡት፤ እግር ይይዛል።

ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ሲዞሩ ይወልቃል። አዲስ የስፖርት ጫማም ብዙዎች እንደሚያስቡት ጥሩ አይደለም። ጎማው ወለሉን ነክሶ ሲይዝ ሰውነት ይዞርና ጉልበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የጀማሪዎች የጉልበት ሕመም አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ሶሉ ያለቀ አሮጌ ሸራ ጫማ ወይም የቆዳ ሶል ያለው ጫማ ይሻላል።

በይፋት ቆላ ከቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ መደነስ ራስን መቅጣት ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ በየአሥር ደቂቃው ውኃ እየጠጡ ይለማመዱ። የአዛንና የጸሎት ሰዓት ሲደርስ ሙዚቃውን ያጥፉት፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳንም ጎረቤትን ጠይቆ መጀመር ተገቢ ነው። ጎረቤት ያኮረፈበት ልምምድ አንድ ሳምንት አይዘልቅም።

ሁለተኛ፦ ጆሮ ከእግር ይቅደም

በመጀመሪያው ቀን ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው።

አንድ የታወቀ የአማርኛ የሠርግ ዘፈን ይክፈቱና በጭብጨባ ይከተሉት። ከዚያ አጥፍተው የኤልቪስ ክሬስፖን «ስዋቬሜንቴ» ይክፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሜሬንጌ ነው። አሁን ከአንድ እስከ ስምንት እየቆጠሩ በእያንዳንዱ ምት ያጨብጭቡ። እጅ ከልማዱ የተነሣ ወደ ሦስት ሊመልሰው ይሞክራል፤ ልዩነቱ በእጅ ላይ ሲሰማ ትምህርቱ ገባ ማለት ነው።

ቀጥሎ «ክላቬ» የሚባለው አለ። የኩባን ሙዚቃ እንደ ምሰሶ የሚሸከመው ይህ አምስት ጭብጨባ ያለው ምት ነው። ከአንድ እስከ ስምንት ይቁጠሩ፤ የሚያጨበጭቡት በ1፣ በ2ና በ3 መካከል፣ በ4፣ በ6 እና በ7 ላይ ነው። በመጀመሪያው አራት ሦስት፣ በሁለተኛው አራት ሁለት ጭብጨባ ይሆናል። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ይቁጠር፣ ከዚያ ይቀያየሩ። መብራት ቢጠፋ፣ ስልክ ባትሪው ቢያልቅ ይህ ልምምድ አይቋረጥም።

ሦስተኛ፦ ሜሬንጌ፣ የእግር ፊደል

ከሁሉም ቀላሉ ሜሬንጌ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። እርምጃው ሰልፍ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ በየምቱ አንድ እርምጃ፣ ያለ ዕረፍት።

ምስጢሩ ጉልበት ውስጥ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። መስተዋት ካለ ፊቱ ይቁሙ። ሁለቱንም እግር አጠጋግተው የግራ ጉልበትዎን በትንሹ ይጠፉ፤ ተረከዝዎ ከመሬት ይነሣል፣ ጣቶችዎ ግን አይለቁም። የሰውነትዎ ክብደት ሙሉ በሙሉ ቀኝ እግር ላይ ነው። አሁን የግራውን ተረከዝ ቀስ አድርገው ያሳርፉና ክብደትዎን እያሻገሩ ጉልበቱን ያቅኑ። ጉልበቱ ሲቀና የግራ ዳሌዎ ራሱ ወደ ጎን ይወጣል፤ እርስዎ አልገፉትም። በቀኝ ይድገሙት። ዳሌውን ሆን ብሎ የሚያወዛውዝ ጀማሪ ወዲያው ይታወቃል፤ ከላይ ይወዛወዛል፣ እግሩ ግን ቆሟል።

ትከሻዎ አብሮ ሊመታ ከፈለገ አንድ ዘዴ አለ። ነጠላ ወይም ፎጣ አጥፈው በሁለቱም ትከሻ ላይ ያድርጉና አንድ ሙሉ ዘፈን ሳይወድቅ ይጨርሱ። ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል።

አራተኛ፦ ባቻታ፣ ሦስት እርምጃና አንድ ነካ

ባቻታ ለረጅም ጊዜ በአገሩ ሲናቅ የኖረ የድኻ ሰፈር የጊታር ሙዚቃ ነው፤ አዝማሪና ጠጅ ቤት ምን ሲባሉ እንደኖሩ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። የመጀመሪያውን ባቻታ እ.ኤ.አ. በ1962 ያስቀረጸው ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን ነው። ሁዋን ሉዊስ ጌራ በ1990 «ባቻታ ሮሳ»ን ሲያወጣ ሙዚቃው ወደ ትልልቅ አዳራሾች ገባ፤ በ2019 ደግሞ ዩኔስኮ መዘገበው።

እርምጃው ወደ ጎን ነው። መሪው በ1 በግራ እግሩ ወደ ግራ ይራመዳል፣ በ2 ቀኙን ያስጠጋል፣ በ3 እንደገና በግራው ይራመዳል፣ በ4 የቀኝ እግሩን ጣት መሬት ነካ ያደርጋል። ከዚያ በዚያው በቀኝ እግሩ ጀምሮ ይመለሳል። ተከታይዋ እንደ መስተዋት ነጸብራቅ በቀኟ ትጀምራለች።

ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተው አራተኛው ምት ነው። «ነካ» ማለት ክብደት ሳይጥሉበት ነው። ክብደት ከጣሉበት ለመመለስ ነጻ እግር አይኖርዎትምና መሪውም ተከታይዋም በአንድ ጊዜ ይጋጫሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ነካ» እያሉ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ።

አምስተኛ፦ ሳልሳ፣ ስድስት እርምጃ በስምንት ምት

ሳልሳ ሥሩ የኩባ ሶን ይሁን እንጂ ስሙን ይዞ ዓለምን የዞረው ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ነው። ዶሚኒካናዊው ሙዚቀኛ ጆኒ ፓቼኮና ጠበቃው ጄሪ ማሱቺ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋሙት ፋንያ የሙዚቃ አሳታሚ የኩባና የፖርቶ ሪኮ ስደተኞችን ድምፅ በአንድ ስም አሰባስቦ ሸጠው። ዘፋኟ ሴሊያ ክሩዝ ይበልጥ ገናና የሆነችውም በዚሁ ማዕበል ነው።

እርምጃው እንዲህ ነው። መሪው በ1 ግራ እግሩን ወደ ፊት ያወጣል፣ በ2 ክብደቱን ባለበት ወደ ቀኝ እግሩ ይመልሳል፣ በ3 ግራውን ወደ መካከል ያመጣል፣ በ4 ይቆማል። በ5 ቀኙን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ በ6 ክብደቱን ወደ ግራው ይመልሳል፣ በ7 ቀኙን ወደ መካከል ያመጣል፣ በ8 ይቆማል። ተከታይዋ ተቃራኒውን ትሠራለች፤ በ1 ቀኟን ወደ ኋላ፣ በ5 ግራዋን ወደ ፊት።

ፈተናው 4ና 8 ናቸው። ሙዚቃው ሳይቆም እግር ይቆማል። ሳያቋርጥ መምታት የለመደ ሰው ክፍተቱን በአንድ ትርፍ እርምጃ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ በሁለተኛው ዙር የተሳሳተ እግር ይመጣል። መድኃኒቱ በአማርኛ መቁጠር ነው፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ዝም»። «ዝም» የምትለዋ ቃል አፍን ስትገጥም እግርም አብሮ ያርፋል።

የሳልሳ ሙዚቃ በደቂቃ 160፣ አንዳንዴም ከ200 በላይ ምት ይዞ ይሮጣል። ስለዚህ ከዝግተኛው ይጀምሩ። ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አልበም ውስጥ ያለው «ቻን ቻን» ለስላሳና ረጋ ያለ ነው። ወደ ማርክ አንቶኒ «ቪቪር ሚ ቪዳ» ሲሻገሩ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ያድርጉት፤ እግር ሲለምድ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ቻቻቻ የሳልሳ ዘመድ ነው። ኤንሪኬ ሆሪን የተባለው ኩባዊ የቫዮሊን ተጫዋች ፈጠረው ይባላል፤ «ላ ኤንጋኛዶራ» የተሰኘው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1953 ተቀርጾ አገር አዳርሷል። በ2ና በ3 ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተራምዶ «ቻ፣ ቻ፣ ቻ» የሚሉትን ሦስት ፈጣን እርምጃዎች ወደ ጎን መጨመር ነው። ሳልሳ ከገባዎት በአንድ ማታ ይለምዱታል። በሳልሳ ምሽቶች አብሮ የሚደነሰው ኪዞምባ ግን ላቲን አይደለም፤ አገሩ አንጎላ ነው።

ስድስተኛ፦ አያያዝና አክብሮት

ሁለት ሰዎች ከባድ ጠረጴዛ ተጋግዘው ከክፍል ሲያወጡ የኋለኛው የፊተኛውን አቅጣጫ ሳይነገረው ያውቃል። ጠረጴዛው ይነግረዋል። በዳንስ የጠረጴዛውን ሥራ የሚሠራው ክንድ ነው። ክንድ ከላላ መልእክት አያልፍም፤ ከደረቀ ደግሞ ይገፋፋል። መሪው ቀኝ እጁን በተከታይዋ ጀርባ ላይ፣ ከብብት ከፍታ ሳይወርድ ያሳርፋል፤ እሷ ግራ እጇን ክንዱ ላይ ታደርጋለች። የቀሩት ሁለት እጆች በዐይን ከፍታ ግድም ይያያዛሉ። በመካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ቢኖር ዳንሱ አይጎድልበትም፤ ለጀማሪ እንዲያውም እግሩን የሚያይበት ቦታ ይሰጠዋል።

በይፋት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ ወንድና ሴት በአደባባይ ተያይዞ መደነስ ቅር የሚያሰኘው ቤተሰብ በሁለቱም በኩል አለ። ለዚህ መላው ሩቅ አይደለም። እህት ከወንድም፣ ባል ከሚስት፣ ሴት ከሴት ጓደኛዋ፣ ወንድ ከወንድ ጓደኛው መለማመድ ይችላሉ፤ የትም አገር ባለ ማሠልጠኛ ጀማሪዎች እንዲህ ይቀያየራሉ። ታናሽ እህት ታላቅ ወንድሟን «ጋሼ፣ እግሬን ረገጥከኝ እኮ! ቀስ በል» ብትለው ትምህርት ነው፤ ባዳ ቢሆን አፍራ ዝም ትል ነበር።

ከባዳ ጋር ሲሆን ደንቡ አጭር ነው። እጅ ከመያዝ በፊት ይጠየቃል፤ «አይ» ከተባለ ምክንያት አይጠየቅም። የጋበዙት ሰው ሲሳሳት እርማት አይሰጥም፣ ልምምድ ላይ ካልሆኑ በቀር። ላብ የበዛበት ሰው መለወጫ ካናቴራና ፎጣ ይዞ ይምጣ፤ በዚህ ሙቀት ግዴታ ነው።

ሰባተኛ፦ ወደ ክቡ

ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚማሩት፣ ለይፋት ሰው ግን ቶሎ የሚገባው አንድ ዓይነት ዳንስ አለ። «ሩዌዳ ዴ ካዚኖ» ይባላል፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃቫና ውስጥ የተጀመረ የክብ ዳንስ ነው። ጥንዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ አንድ ሰው ትእዛዝ ይጠራል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። አውራጅና ተቀባይ ይዞ ሲጨፍር ላደገ ሰው ምን ቀረው?

ለመጀመሪያ ቀን ሦስት ትእዛዝ ይበቃል። «ጓፔያ» ሲባል ጥንዶች በ1 ሁለቱም ወደ ኋላ ይራመዳሉ፣ በ5 ወደ ፊት ተመልሰው በነጻ እጃቸው መዳፍ ለመዳፍ ይነካካሉ። «ዲሌ ኬ ኖ» ሲባል መሪው መንገድ ይለቃል፣ ተከታይዋ በፊቱ አልፋ ከቀኙ ወደ ግራው ትሻገራለች። ቃሉ «እምቢ በዪው» ማለት ነው። «ዳሜ» («ስጠኝ») ሲባል እያንዳንዱ መሪ በቀኙ ወዳለችው ቀጣይ ተከታይ ተሻግሮ ከእሷ ጋር «ዲሌ ኬ ኖ» ይሠራል። አራት ጥንድ ካለ በአራት «ዳሜ» ሁሉም ወደ መጀመሪያ ጓዱ ይመለሳል። ትእዛዙን ወደ አማርኛ መልሶ መጥራትም ያስኬዳል፤ ሙዚቃው እንዳይውጠው ጠሪው ጎርነን ያለ ድምፅ ይኑረው እንጂ።

የአራት ሳምንት ዕቅድ

በመጀመሪያው ሳምንት ጭብጨባና ሜሬንጌ ብቻ፣ ለየብቻ ቆመው። በሁለተኛው ባቻታ፣ መጀመሪያ ለብቻ፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው። በሦስተኛው የሳልሳ እርምጃ፣ ያለ ምንም ማዞር። በአራተኛው አያያዝና፣ ስምንት ሰው ከተገኘ፣ ክቡ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በማታ ግማሽ ሰዓት ቢሆን በወሩ መጨረሻ ስድስት ሰዓት ይሞላል። በየሳምንቱ መጨረሻ በስልክ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይቀራረጹና ከወገብ በታች ብቻ እያዩ ራስዎን ያርሙ።

በዚህ ወር ማዞርና ማሽከርከር አይሞከር። ኢንተርኔት ላይ የሚያምረው እሱ ነው፣ ጀማሪን የሚያስወድቀውም እሱ ነው። የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ከሜሬንጌው የጉልበት ልምምድ በፊት ሐኪም ያማክር።

ከወር በኋላ አዲስ አበባ የመሄድ አጋጣሚ የገጠመው ሰው አንድ የሳልሳ ምሽት ላይ ገብቶ ይሞክር። የጀማሪዎች ትምህርት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ምሽቱ ሲጀመር ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ይበጃል። ሸዋ ሮቢት ለሚቀረው ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ዛሬ ማታ ነው፦ ወንበር ይዞ ደጅ መውጣት፣ አንድ ሜሬንጌ መክፈትና እስከ ስምንት እየቆጠሩ ማጨብጨብ።